አስቸኳይ! ማውሱ ብቻውን እየሄደ ነው፣ አጎቴ ደግሞ ስልኩን አልዘጋም ብሏል (ድሬዳዋ)

የነምበር ዋኗ (8፡12)
ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ መልሱልኝ እባካችሁ። የአጎቴ ላፕቶፕ ቫይረስ ገባበትና ስክሪኑ በሙሉ ቀይ ሆነ፣ ይጮሃል፣ በምንም አልዘጋም አለ። አሁን የማይክሮሶፍት ሰው በስልክ እያገዘው ነው፤ ግን ማውሱ ብቻውን እየሄደ ነው፣ እኔን ደስ አላለኝም። ለማጽዳት 299 ዩሮ ጠይቋል። ቫይረሱን እኛው የምናጠፋበት ነፃ አንቲቫይረስ ካለ ሊንክ ላኩልኝ።

ደቻቱ ቦይ (8፡14)
አቦ ፎርማት አድርጊው፣ ይለቃል።

የከዚራው ጥገና (8፡15)
ፎርማቱ ይቆይ። አንቲቫይረሱም ይቆይ። መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ቁረጪ፤ ዋይፋይ ከሆነ ራውተሩን ከሶኬት ንቀይው። ማንንም አታስፈቅጂ። ማውሱን የሚነዳው ቫይረስ አይደለም፣ ሰውዬው ራሱ ነው፤ ውስጥ ገብቷል። ከሩቅ ኮምፒዩተር መንጃ ፕሮግራም የቱን አስጫናችሁ? ኤኒዴስክ? ቲምቪወር? አልትራቪወር?

የነምበር ዋኗ (8፡17)
ኤኒዴስክ ይላል፣ ቀይ ምልክት አለው። የሚወጣውን ቁጥር አንብብልኝ ብሎት አነበበለት። ራውተሩ ያለው አጎቴ ክፍል ነው፣ እሱም እዚያው ተቀምጧል። ብትነኪው ታያለሽ ብሎኛል።

ሳቢያን 02 (8፡18)
ቆይ ግን፣ ይሄ ነገር ግራ ገባኝ። ማይክሮሶፍት ድሬ ድረስ ለጋሼ የሚደውለው ምን ቸግሮት ነው? ታሪኩ አልተያያዘልኝም። እነዚህ አጭበርባሪዎች የሚደውሉት አሜሪካና አውሮፓ ነው፣ እዚህ ማን ዶላር አለው ብለው?

የነምበር ዋኗ (8፡19)
እነሱ አልደወሉም፣ እሱ ነው የደወለላቸው። ቀዩ ስክሪን ላይ የፈረንሳይ ስልክ ቁጥር ነበረ። አጎቴ ምድር ባቡር የሠራ ሰው ነው፣ እስከ ዛሬ የሚያነበው የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ነው፤ ከዚያ ሲያነብ ነው የወጣበት። ልጁ ፈረንሳይ ናት፣ በኢንተርኔት መደወያ ሂሳብ ትሞላለታለች። ሰውዬው በጥሩ ፈረንሳይኛ «ሙሴ» እያለ ሲያናግረው በቃ ቀለጠ።

ሳቢያን 02 (8፡20)
እሺ አሁን ተያያዘ። የድሮ ለገሃር ሰው ፈረንሳይኛ ከሰማ ቡናም ያፈላለታል።

ጡረተኛው መምህር (8፡21)
ልጄ፣ በመጀመሪያ መረጋጋት ያስፈልጋል። ይህ ድርጊት በሀገራችን ሕግ ወንጀል ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትንም ሆነ በኮምፒዩተር አማካይነት ማታለልን በግልጽ ይከለክላል። እዚህ ላይ አጎትሽ ፈቃድ ሰጥተዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ይነሳል። በማታለል የተገኘ ፈቃድ እንደ ፈቃድ ሊቆጠር አይገባም የሚል ክርክር ማቅረብ ይቻላል። ዛሬ ወጣቱም አዛውንቱም ስክሪን ላይ የወጣውን ሁሉ እንደ ቃለ መንግሥት እያመነ…

ደቻቱ ቦይ (8፡22)
መምህር፣ ሰውዬው ማውስ እየነዳ ነው፣ እርስዎ አንቀጽ እያነበቡ ነው! 😂

የከዚራው ጥገና (8፡22)
ራውተሩ ካልተቻለ የላፕቶፑን ማጥፊያ ቁልፍ ፈጽሞ እስኪጠፋ ተጭነሽ ያዢው። የቻርጀሩን ገመድ መንቀል ዋጋ የለውም፣ ባትሪ አለው።

የነምበር ዋኗ (8፡24)
ላፕቶፑ እሱ ጭን ላይ ነው እኮ! አጎቴ ምን እንደሚል ስሙልኝ፦ «ሰውዬው የኮምፒዩተሬን መለያ ቁጥር እኔ ሳልነግረው አንድ በአንድ አነበበልኝ፣ ቁጥሩም ስክሪኔ ላይ ካለው ጋር ልክ ነው። ሌባ ይሄን ከየት ያውቃል?» ነው የሚለው። ለዚህ መልስ ስጡኝና ልንገረው። ስሕተቶች በሙሉ የተዘረዘሩበትን ቦታም አሳይቶታል፣ ቀይ በቀይ ነው። እኔም አይቻለሁ፣ ውሸት አይደለም።

ታይዋን ኮምፒዩተር (8፡27)
ቁጥሩ ምን ብሎ ነው የሚጀምረው? 888 ነው?

የነምበር ዋኗ (8፡28)
አዎ!! አንተ ከየት አወቅህ?

ታይዋን ኮምፒዩተር (8፡31)
የእኔም 888 ስለሆነ ነው። የሁሉም 888 ነው። አሁን የምልሽን አድርጊ፣ ስልኩን ዝጋ ብሎ ከመከራከር ይሻላል።

የራስሽን ላፕቶፕ አምጪ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና አር የሚለውን አብረሽ ተጫኚ፤ በሚመጣው ሳጥን ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብለሽ ኤንተር በዪ። ጥቁር መስኮት ይከፈታል። እዚያ ላይ ኤ፣ ኤስ፣ ኤስ፣ ኦ፣ ሲ ብለሽ እንደገና ኤንተር። ረጅም ዝርዝር ይወርዳል። ታች፣ መጨረሻው አካባቢ ዜድ፣ ኤፍ ብሎ የሚጀምር መስመር አለ። ከእሱ ፊት ለፊት በቅንፍ ውስጥ 888 ዲ ሲ ኤ 60 እያለ የሚሄድ ረጅም ቁጥር ታያለሽ። ከአጎትሽ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው። ይሄ የኮምፒዩተሩ መለያ አይደለም፤ ዊንዶውስ የዚፕ ፋይል አሠራሩን የሚያውቅበት የውስጥ ቁጥር ነው፣ ከፋብሪካው ጀምሮ በሁሉም ላይ ያው ነው። ሰውዬው ወረቀት ላይ ጽፎት ነው የሚያነበው። ለሁሉም ደንበኛ ያንኑ ነው የሚያነበው።

ስሕተት ያሳየበት ቦታ ደግሞ ኢቨንት ቪወር ይባላል። እውነተኛ ነው፣ ግን ትናንት ከካርቶን የወጣ ኮምፒዩተር ላይም ቀይና ቢጫ ሞልቶታል። አንዱ ፕሮግራም ትንሽ ከዘገየ እንኳ ይመዘግባል። ነገሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፦ የሚያሳያችሁ ሁሉ እውነት ነው፣ ትርጉሙን ነው የሚዋሸው። ስለዚህ ለጋሼ «ሌባ ነው» ብለሽ አትከራከሪው፤ ሁለቱን ላፕቶፕ ጎን ለጎን አስቀምጪለት።

ሳቢያን 02 (8፡33)
ሞከርኩት፣ 888 ነው ወላሂ። የሆቴላችን ሪሴፕሽን ላይም ሞከርኩ፣ ያው ነው። አለቃዬ ምን እየሠራህ ነው አለኝ።

ሐረር ሸዋ በር (8፡34)
እዚህም ያው። ከጀጎል ውጪም ከጀጎል ውስጥም 888።

ደቻቱ ቦይ (8፡34)
ሁሉንም ፎርማት አድርጉ።

ዘመናይ (8፡36)
ሁላችሁም ዋናውን ነገር ረሳችሁት። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ጥፋቱ ከዚያ ነው። ድጋፉ ኦክቶበር 14፣ 2025 አልቋል፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማለት ነው። ወደ 11 ቢያሳድጉት ይሄ አይመጣም ነበር።

የከዚራው ጥገና (8፡38)
ድጋፍ ማለቁ እውነት ነው፣ ማሳደጉም ጥሩ ነው። ግን ቀዩ ስክሪን ከዊንዶውስ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ተራ ድረ ገጽ ነው፣ ሙሉ ስክሪን ሆኖ የተከፈተ ማስታወቂያ። ማክ ላይም ይመጣል፣ ዊንዶውስ 11 ላይም ይመጣል። ኢስኬፕን ተጭነሽ ብትቆዪ ከሙሉ ስክሪን ይወጣል፣ ከዚያ ትዘጊዋለሽ። እምቢ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብረሽ ተጭነሽ ታስክ ማናጀር ላይ ብራውዘሩን መግደል ነው። እንደገና ስትከፍቺው «የነበሩትን ገጾች ልመልስ?» ካለሽ እምቢ በዪው፣ አለዚያ ያንኑ ይመልስልሻል። የማይክሮሶፍት የእውነት ስሕተት ማስታወቂያ ላይ ስልክ ቁጥር ፈጽሞ አይወጣም። ቁጥር ካያችሁ አትድከሙ፣ ሌባ ነው።

የነምበር ዋኗ (8፡44)
አሳየሁት! መነጽሩን አድርጎ ፊደል በፊደል በጣቱ እየተከተለ አስተያየ። ከዚያ ለሰውዬው በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር አለው፣ ምን እንዳለው ልተረጉመው አልችልም፣ ሰላምታ ግን አልነበረም። ሰውዬውም መጮህ ጀመረ። አሁን ስክሪኑ ጥቁር ሆነ!!! ማውሱም አይታይም። ምን ላድርግ???

የከዚራው ጥገና (8፡44)
ማጥፊያውን ያዢው!! አሁኑኑ! ኤኒዴስክ ላይ ስክሪን ጥቁር አድርጎ ከኋላ መሥራት ይቻላል። ራውተሩንም ንቀይ።

ታይዋን ኮምፒዩተር (8፡45)
ያዢው፣ እስኪጠፋ አትልቀቂ።

የነምበር ዋኗ (8፡47)
ጠፋ። ራውተሩም ተነቅሏል። ይሄን በስልኬ ዳታ ነው የምጽፈው። አሁን መልሼ ላብራው?

የከዚራው ጥገና (8፡51)
ማብራቱን ማብራት ትችያለሽ፣ ራውተሩ ግን እንደተነቀለ ይቆይ። ኤኒዴስክ ተጭኖ ከቆየ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ የይለፍ ቃል ሰጥቶት ከሆነ ሰውዬው ማንንም ሳይጠይቅ ይገባል። ኢንተርኔት ሳይኖር ኤኒዴስክን አራግፊ። ከዚያ የተጫኑ ፕሮግራሞችን በተጫኑበት ቀን ደርድሪያቸው፤ የዛሬ ቀን ያለበትን ሁሉ አውጪ። ሁለተኛ መግቢያ በሌላ ስም ቀብረው መሄድ ልማዳቸው ነው። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ራሱ ውስጥ ያለውን ዲፌንደር ክፈቺና ኦፍላይን ስካን የሚለውን አስነሺ፣ 15 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል፣ ራሱ አጥፍቶ ያበራል። ነፃ ነው፣ ሌላ አንቲቫይረስ አትፈልጊ። አሁን በዚህ ሰዓት «ነፃ አንቲቫይረስ» ብለሽ ብትፈልጊ ሌላ ቀይ ስክሪን ነው የምታገኚው።

የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃል ደግሞ በዚያ ላፕቶፕ አትቀይሩ። በስልክ ቀይሩ። ከዚያ ኢሜይሉ ላይ «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውን ተጫኑ።

ደቻቱ ቦይ (8፡52)
ይሄን ሁሉ ከምትደክሚ ፎርማት…

ታይዋን ኮምፒዩተር (8፡53)
እንዲያውም አሁን ልክ ነህ። ሰውዬው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከቆየ እኔም ፎርማት ነው የምመርጠው። ፎቶና ሰነዱን ወደ ፍላሽ ገልብጣ። ግን የመጀመሪያ ሥራ አልነበረም።

ደቻቱ ቦይ (8፡53)
ታሪክ ተጻፈ።

ከሊዮን (8፡58)
አሁን ነው ያየሁት፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። እህቴ፣ አንድ ጥያቄ፦ የልጅየዋ የባንክ ካርድ ከዚያ ላፕቶፕ ጋር ግንኙነት አለው? ብዙ ጊዜ ልጅ ለወላጅ ስትከፍል ካርዷን ብራውዘር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች።

የነምበር ዋኗ (9፡01)
ክሮም ላይ ተቀምጧል መሰለኝ። ባለፈው ስትመጣ ትኬት የገዛችበት። 299 ዩሮውን ግን ገና አልከፈለም። ወይም አልከፈልኩም ነው የሚለው።

ከሊዮን (9፡06)
ከፈለም አልከፈለም አሁኑኑ ደውሉላትና ካርዱን ታዘጋ። ባንኳ ካልመለሰላት ፈረንሳይ ውስጥ ለሁሉም ባንክ ካርድ ማዘጊያ 0 892 705 705 አለ። ያልፈቀደችው ወጪ ከተገኘ ፐርሴቫል በሚባለው የመንግሥት ገጽ ታስመዘግባለች፤ ካርዱ እጇ ላይ እስካለ ድረስ ነው የሚቀበሉት። ያልፈቀደችውን ክፍያ አውሮፓ ውስጥ ከሆነ እስከ 13 ወር ባንኳ ላይ መከራከር ትችላለች፣ ግን አትጠብቅ። አጭበርባሪዎቹን ለመጠቆምና ምክር ለማግኘት 17 ሳይበር የሚባል አገልግሎት ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ አለ፣ በኢንተርኔት ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

እዚህ ሀገር ይሄ ጨዋታ የቆየ ነው። ሽማግሌዎቹን ካርድ አልሠራም ይሏቸውና ከትምባሆ ሱቅ የቅድመ ክፍያ ኩፖን ገዝተው ኮዱን እንዲያነቡላቸው ያደርጋሉ። ኮዱ አንዴ ከተነበበ አለቀ።

ሌላው፣ ለአጎትሽ ንገሪያቸው፦ ሰሞኑን መልሰው ይደውላሉ። አንዳንዴ እንደ ፖሊስ፣ አንዳንዴ «ድርጅቱ ስለተዘጋ ገንዘብዎን ልንመልስ ነው» ብለው። ያው ሰዎች ናቸው። ያኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም ገንዘብ ለመቀበል ብሎ ሰው የባንኩን ገጽ ራሱ ከፍቶ ይሰጣቸዋል።

ጡረተኛው መምህር (9፡09)
የወንድሜን ሐሳብ እደግፋለሁ። አዋጁን በተመለከተ የጀመርኩትን ልቋጭና…

ሳቢያን 02 (9፡10)
መምህር በርጫ ላይ ይጨርሱልን 🙏

ዘመናይ (9፡15)
ሀገር ውስጥ ያለው የባንክ ሂሳብስ? ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ይደወል። ለሁሉም ነገር ፈረንሳይ ፈረንሳይ አትበሉ።

የነምበር ዋኗ (9፡16)
ሞባይል ባንኪንግ በስልኩ ነው የሚጠቀመው፣ ላፕቶፑ ላይ የለም። ስልኩ ላይ ደግሞ ምንም አላስጫነውም። ለልጁ ልደውልላት ነው፣ መጣሁ።

የከዚራው ጥገና (9፡40)
ካርዱ ተዘጋ?

ከሊዮን (10፡25)
እህት? ደወልሽላት?

ታይዋን ኮምፒዩተር (11፡05)
ሱቅ እስከ ምሽት 2 ሰዓት ክፍት ነኝ፣ ላፕቶፑን ይዘሽው ነይ። ለጋሼ ክፍያ የለውም፤ ሰውዬውን ምን እንዳለው በፈረንሳይኛ ይድገምልኝ ብቻ።

ሐረር ሸዋ በር (11፡20)
እዚሁ ላይ ልጠይቅ፣ ይቅርታ ካበላሸሁ። እናቴ ስልክ ላይ «ስልክዎ በቫይረስ ተጎድቷል፣ አሁኑኑ ያጽዱ» የሚል ማሳወቂያ በየሰዓቱ ይመጣል። ምንም አልጫነችም። እሱም ከዚሁ ወገን ነው?

የከዚራው ጥገና (11፡28)
ከዚሁ ወገን ነው። የሆነ ድረ ገጽ ላይ «ማሳወቂያ እንድልክልዎ ይፍቀዱ» ሲላት እሺ ብላለች ማለት ነው፤ ፊልም ወይም መዝሙር ስትፈልግ ይሆናል። ክሮም ክፈትና ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን ግባ፣ የተፈቀደላቸውን ገጾች ዝርዝር ታገኛለህ። የማታውቀውን ስም ሁሉ አጥፋ። ማሳወቂያው ላይ ያለውን «አጽዳ» ግን አትጫን።