የኳስ ጌም ዲስክ 11,000 ብር ገባ፤ የጌም ቤቴን ዋጋ ልጨምር ወይስ በአሮጌው ልቆይ?

ባለ ጌም ቤት፣ ድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ከለገሃር ብዙም በማይርቅ ሰፈር ውስጥ ሁለት ፕሌይስቴሽን 4 ያለባት አንዲት ጠባብ ጌም ቤት አለችኝ። ደንበኞቼ በአብዛኛው ተማሪዎች ሲሆኑ የሚመጡትም ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ነው። የአንድ ጨዋታ ዋጋ 15 ብር ነው፤ እንደ ሌላው ቦታ ሁሉ የተሸነፈው ከፍሎ ይነሣል፣ ያሸነፈው ጆይስቲኩን ይዞ ይቀጥላል። እስካሁን የምንጫወተው በመስከረም 2016 ዓ.ም. በወጣው የኳስ ጌም በኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ነው።

ባለፈው ሳምንት ታይዋን የሚባለው የከተማችን ገበያ ገብቼ የአዲሱን ዲስክ ዋጋ ስጠይቅ ሻጩ 11,000 ብር አለኝ። ዲስኩ ማሽኑ ውስጥ ካልገባ ጌሙ ስለማይነሣ ለሁለቱ ማሽኖች 22,000 ብር ማውጣት ሊኖርብኝ ነው። ትንሽ ልከራከር ብሞክር «ዶላሩን ጠይቀው» ብሎ ፊቱን ወደ ሌላ ደንበኛ አዞረ። እኔን ያበሳጨኝ የገንዘቡ መጠን ብቻ አይደለም፤ የኳስ ጌም የሚባለው ነገር በየዓመቱ ማልያና የተጫዋች ስም ዝርዝር ለውጦ፣ ጥቂት ነገር ነካክቶ፣ እንደ አዲስ ዕቃ ሙሉ ዋጋ የሚጠየቅበት መሆኑ ነው።

እንዳልተወው ደግሞ ልጆቹ አልተዉኝም። ቅዳሜ ዕለት አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ፓሪስን መርጦ በኤምባፔ ጎል ሲያገባ፣ ተራ የሚጠብቀው ጓደኛው «ኤምባፔ እኮ ማድሪድ ከገባ ቆየ፤ ይሄ የታሪክ ትምህርት ነው እንዴ?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ነገር ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አራት የሚሆኑ ልጆች ሳቢያን ሰፈር ወደሚገኝ አዲሱ ጌም ወዳለበት ቤት መሄድ ጀምረዋል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሁለቱን ዲስክ ገዝቼ ጨዋታውን 20 ብር ላድርገው ወይስ በአሮጌው ልቀጥል? ዋጋው እዚህ የደረሰውስ በእርግጥ በዶላር ምክንያት ነው ወይስ ሻጩ እየቀለደብኝ ነው?

የከዚራ ጥላ፣ ድሬዳዋ

በድሬ ልማድ «አንተ» እያልሁ ብጽፍልህ እንደማትቀየመኝ አምናለሁ። ሥራዬ የሒሳብ መዝገብ ስለሆነ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር።

የትልልቅ ጌሞች ዋጋ ከ1998 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለ15 ዓመት ያህል 60 ዶላር ላይ ቆሞ ነበር፤ ፕሌይስቴሽን 5 በወጣበት በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወደ 70 ዶላር ከፍ ማለት ጀመረ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 35 ብር ይመነዘር ስለነበር ባለ 60 ዶላሩ ጌም 2,100 ብር ነበር ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላሩ 57 ብር ግድም ስለነበር ባለ 70 ዶላሩ ጌም ገና 4,000 ብር እንኳ አልሞላም ነበር። ዛሬ አንዱን ዶላር በ140 ብር ብናስበው ያው ጌም 9,800 ብር ይመጣል።

ከ2,100 ወደ 9,800 የጨመረው 7,700 ብር ነው። ኩባንያዎቹ ዋጋቸውን ሳይነኩ በ60 ዶላር ቢቆዩልን ኖሮ እንኳ ጌሙ ዛሬ 8,400 ብር ይሆን ነበር። ስለዚህ ከ7,700ው ውስጥ የኩባንያዎቹ ድርሻ 1,400 ብር ብቻ ሲሆን የቀረው 6,300 ብር የብራችን መውረድ ያመጣው ነው። አሜሪካዊው ገዢ ስለ 10 ዶላር ሲያማርር እኛ የምናማርረው ስለ ሌላ ነገር ነው። ሻጩም ቢሆን በ9,800 እና በ11,000 መካከል ባለው 1,200 ብር ውስጥ ዕቃውን በሻንጣ ላመጣለት መንገደኛ ከፍሎ ነው የራሱን የሚያገኘው። በሕጋዊው የአስመጪ መንገድ ቢመጣ ደግሞ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለው 10 በመቶ ሱር ታክስ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚሰላ ዋጋው ከዚህም ይብስ ነበር። አልቀለደብህም።

አሁን ወደ ቤትህ ልምጣ። 22,000 ብርን ለ15 ስታካፍለው 1,467 ጨዋታ ነው። ሁለቱ ማሽኖች በጥሩ ቀን 60 ጨዋታ ቢያስተናግዱ በአንድ ወር ይመለሳል ብለህ እንዳትታለል። መብራት የሚጠፋበትን ቀን ትተን፣ እነዚያ ልጆች በአሮጌውም ቢሆን ይጫወቱ ነበርና ገንዘባቸው የዲስኩ ውጤት አይደለም። መቁጠር ያለብህ አዲሱ ዲስክ ባይኖር ኖሮ የማይመጡትን ልጆች ብቻ ነው፤ እስካሁን የሄዱብህ ደግሞ አራት ናቸው። ዋጋውን 20 ብር ካደረግኸው ዕዳውን የሚከፍለው የተጨመረው 5 ብር ስለሆነ 4,400 ጨዋታ ያስፈልግሃል፤ ያውም ከ15 ወደ 20 ሲባል አንድም ልጅ ካልቀረብህ ነው።

እኔ ብሆን አንድ ዲስክ ብቻ ገዝቼ አዲሱ ያለበትን ማሽን 20 ብር፣ ሌላውን በነበረበት 15 ብር አደርጋለሁ፤ ልጆቹ ራሳቸው ይመርጣሉ። እሱንም ቢሆን ዛሬ አልገዛም። የኳስ ጌም በመስከረም ወጥቶ ኅዳር ሲጋመስ ውጭ አገር ትልቅ ቅናሽ የሚደረግበት ዕቃ ስለሆነ በዚያን ወቅት የሚመጣው ዲስክ እዚህም ረከስ ማለቱ አይቀርም።

የፈረስ መጋላዋ፣ ሐረር

የከዚራው ወንድማችን ሒሳብ አሳማኝ ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር ልጨምርበት፤ ምክንያቱም 11,000 ብር የሰማ ሰው ቀጥሎ የሚሄደው ርካሽ ወደተባለው መንገድ ነው፤ እኔም ሄጄበት ተቃጥያለሁ።

ለታናሽ ወንድሜ ዲስክ መግዛት ቢከብደኝ «በአካውንት እንሸጥልሻለን» የሚል፣ ማለትም ጌሙ በተገዛበት በሌላ ሰው አካውንት የሚያስጫውት ሰው አግኝቼ 3,000 ብር ከፈልሁ። ጌሙ ወርዶ ለመጫን ሁለት ሌሊት ፈጀ፤ ወንድሜም ሦስት ሳምንት ያህል ተጫወተበት። አንድ ቀን ማታ ማሽኑን ሲከፍት ጌሙ ምልክቱ ላይ የተዘጋ ቁልፍ ተስሎበት ቆየው። ያው አካውንት ለብዙ ሰው ተሽጦ፣ ከገዢዎቹ አንዱ ወይም ሻጩ ራሱ የይለፍ ቃሉን ለውጦት ኖሯል። ሻጩ ስልኩን አላነሣልኝም፤ ደረሰኝ የለኝ፣ ለማን አቤት እላለሁ?

ችግሩ የጀመረው ከዚያ በፊት ነው። የፕሌይስቴሽን መደብር በሚያስተናግዳቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ስለሌለች እያንዳንዳችን የሌላ አገር ነዋሪ መስለን እንመዘገባለን፤ የስጦታ ካርዱም የሚሠራው በተመዘገብንበት አገር ብቻ ስለሆነ የምንገዛው በእጅ አዙር ነው። በዚህ ላይ ወርሃዊና ዓመታዊ ክፍያዎቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር ለመጫወት የሚከፈለው የፕሌይስቴሽን ፕላስ ዝቅተኛው ዓመታዊ ክፍያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ከ60 ወደ 80 ዶላር ያደገ ሲሆን በወርሃዊ ክፍያ ብዙ ጌም የሚያስጫውተው የኤክስቦክሱ ጌም ፓስ አልቲሜት ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 በወር ከ20 ወደ 30 ዶላር ተሰቅሏል። ይህን ሁሉ ከፍለው የሚያገኙት የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ንብረት አይደለም። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት ሻጮች ይህን ለገዢው በግልጽ እንዲናገሩ የሚያስገድድ ሕግ እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለችው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ዲስክ ግን ውድም ቢሆን የእርስዎ ነው፤ ያውሱታል፣ ይለውጡታል፣ ሲጠግቡት ይሸጡታል። ከዚያ ጉዳት ወዲህ ወንድሜና አራት የጀጎል ጓደኞቹ የዲስክ ዕቁብ ገብተዋል። በየወሩ እኩል ያዋጡና ዕጣ የወጣለት የመረጠውን ዲስክ ይገዛል፤ ሌሎቹ ደግሞ ተራ በተራ ሳምንት ሳምንት ይወስዱታል። ፊቱ የተጫረ ዲስክ የመለሰ እንደሚቀጣ ሁሉ ተስማምተዋል፤ ሕጋቸው ከእኛ የሰፈር ዕቁብ ይጠብቃል። እርስዎም ከሌሎች ሁለት ጌም ቤቶች ጋር ቢመካከሩ ጥሩ ይመስለኛል። ሳቢያን ያለው ቤት እንኳ ተፎካካሪ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ሶፍትዌር ተማሪ፣ ድሬዳዋ

ለጌም ሠሪዎቹም የሚናገር ሰው ይኑር ብዬ ነው የምጽፈው። የዛሬ 20 ዓመት የነበረው 60 ዶላር በአሜሪካ የዋጋ ንረት ሲሰላ ዛሬ ከ90 ዶላር በላይ ነው፤ ስለዚህ 70 ዶላር በእነሱ ኪስ ሲለካ እንዲያውም ረክሷል። ወጪው ደግሞ ሰማይ ነክቷል። የኤክስቦክሱ ባለቤት ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን የተባለውን ጌም ሠሪ ኩባንያ እንዳይገዛ እ.ኤ.አ. በ2023 በተካሄደው ክርክር ላይ የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ለፍርድ ቤት ያቀረበው ሰነድ ላይ ምስጢር የሆኑት ቁጥሮች በደንብ ሳይሸፈኑ ቀርተው፣ ሁለት ጌሞቹ «ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2» ወደ 220 ሚሊዮን፣ «ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት» ደግሞ 212 ሚሊዮን ዶላር እንደፈጁ ታይቷል።

ይሁንና ይህ መከራከሪያ ለኳስ ጌም እምብዛም አይሠራም። በየዓመቱ የሚወጣው ጌም ከባዶ አይጀመርም፤ ከዲስኩ ሽያጭ በኋላም አልቲሜት ቲም በሚባለው ክፍል የተጫዋች ጥቅሎችን እየሸጠ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ይሰበስባል። የእናንተ ጌም ቤት ደንበኞች ያንን ክፍል ነክተውት አያውቁም፤ ዋጋው ግን በሙሉ ይታሰብባቸዋል።

ቅሬታ ውጤት እንዳለው ደግሞ አይተናል። ኔንቴንዶ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ለማሪዮ ካርት ወርልድ 80 ዶላር ሲቆርጥ ማይክሮሶፍትም በወሩ አንዳንድ ጌሞቹን በ80 ለመሸጥ አስታውቆ ነበር፤ ሆኖም ጩኸቱ ሲበዛ በሐምሌ ወር ወደ 70 ተመለሰ። የእኛ ችግር ግን ጩኸታችን አይሰማም፤ ድሬዳዋ ላይ ሳይገዛ የቀረ ዲስክ በማንም የሽያጭ መዝገብ ላይ አይታይም።

ነፃ አማራጭ ከፈለግህ የቀድሞው የኳስ ጌም ፒኢኤስ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ኢፉትቦል ተብሎ በነፃ ይገኛል፤ ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ግን ለጌም ቤት አልመክረውም። ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ሞክር። ባለህ ጌም ማስተካከያ ውስጥ ተጫዋቾችን ከአንድ ቡድን ወደ ሌላ የምታዛውርበት ቦታ አለ፤ በእጅ ስለሚሠራ አሰልቺ ነው፤ ዋጋው ግን የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ብቻ ነው።

ባለ ጌም ቤት፣ ድሬዳዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የከዚራው ወንድሜ፣ 4,400 የሚለውን ቁጥር ካየሁ በኋላ ዋጋ የመጨመሩን ነገር ትቼዋለሁ። እህቴ ከሐረር፣ የሳቢያኑን ባለቤት አነጋግሬዋለሁ፤ ስለ ዕቁቡ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ግን እሱም ሁለተኛውን ዲስክ በብድር እንደገዛው ነገረኝ። እስከ ዓርብ መልስ ሊሰጠኝ ነው።

የተማሪውን ምክር እሑድ ማታ በሩን ዘግቼ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ማሽኑ አዙሬ ሞከርሁት። የሃያ ምናምን ተጫዋቾችን ዝውውር ስጨርስ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሰኞ ዕለት ያ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ማድሪድን መርጦ ኤምባፔን በነጭ ማልያ ሲያየው ጆይስቲኩን እንደያዘ ዞሮ «አዲሱን ገዛኸው እንዴ?» አለኝ።

«አልገዛሁም፤ አስፈረምሁት» አልሁት።

ኅዳር ሲጋመስ ታይዋን ተመልሼ የዲስኩን ዋጋ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።