የአፍንጫ ጠረጋው ፕሉቶኒየም አሳየ፣ ሽንቱና ደረቱ ግን ባዶ ናቸው፦ የቱ ይታመን?

ጠያቂ፦
ግላቭ ቦክስ (እጅ በጓንት ብቻ የሚገባበት የታሸገ ሣጥን) ላይ የፕሉቶኒየም ኦክሳይድ ዱቄት የሚሠራ ሰው ጓንቱ ተቀደደ እንበል። ከሁለቱም የአፍንጫ ቀዳዳዎች የተወሰደው ጠረጋ አልፋ (ፕሉቶኒየም የሚረጨውን ጨረር) ቆጠረ። ከሳምንት በኋላ የተሰበሰበው የ24 ሰዓት ሽንት ግን ከመለኪያው ወሰን በታች ሆነ፤ ከሳንባ የሚወጣን ጨረር ከውጭ የሚለካው የደረት ቆጠራም ምንም አላየም። ሠራተኛው ወደ ውስጥ አላስገባም ብሎ ፋይሉን መዝጋት ይቻላል?

መልስ 1፦
አይቻልም። ሦስቱም ውጤቶች በአንድ ጊዜ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ኦክሳይድ ሳንባ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በዝግታ ነው፤ ደም ውስጥ ያልገባ ደግሞ በሽንት አይወጣም። ሒሳቡን ይመልከቱት፦ በአይሲአርፒ (ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን) ሕትመት 68 መሠረት ለዓይነት ኤስ (ሳንባ ውስጥ በዝግታ ለሚሟሟው)፣ ለ5 ማይክሮሜትር ቅንጣት፣ አንድ ቤኬሬል (በሴኮንድ አንድ የአቶም መፈራረስ) ፕሉቶኒየም 239 ለሰውነት የሚሰጠው የጨረር መጠን 8.3 ማይክሮሲቨርት ነው። ብዙ አገሮች ለሠራተኛ የዓመት ገደብ የሚያደርጉትን 20 ሚሊሲቨርት ለመድረስ 2,400 ቤኬሬል ገደማ ይበቃል፤ በክብደት አንድ ማይክሮግራም ያህል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ካለፉ በኋላ፣ በቀን በሽንት የሚወጣው አንድ ሚሊቤኬሬል እንኳ አይሞላም። ሽንቱ የሚለካበት የአልፋ ስፔክትሮሜትሪ (አልፋን በጉልበቱ የሚለይ መለኪያ) ወሰንም እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ «አልተገኘም» የሚለው ቃል ለኦክሳይድ ብዙም አያጽናናም።

መሰብሰብ የነበረበት ሰገራ ነው። ትልልቁ ቅንጣት ከመተንፈሻ ቱቦ በአክታ ተጠርጎ ይዋጣል፤ ከተተነፈሰው ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በዚያ በኩል ይወጣል። የእያንዳንዱን ቀን ለየብቻ ይያዙ፣ ከወር በኋላም አንድ ይድገሙ። የመጀመሪያዎቹ ብቻ ከሆኑ የተዋጠውንና የተተነፈሰውን መለየት ይከብዳል።

ስለ ጠረጋው፦ በአንድ ቀዳዳ ብቻ ቢገኝ ኖሮ የቆሸሸ ጣት ነው ብዬ እጠረጥር ነበር። ሁለቱም ካሳዩ ግን ተንፍሷል። በአፉ የሚተነፍስ ሰው ላይ ጠረጋው አሳንሶ ያሳያል፤ አፍንጫውን ከተናፈጠ በኋላማ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

መልስ 2፦
ከላቦራቶሪው ወገን ልጨምር። ሽንቱ ከፋብሪካው ውጭ፣ ገላ ከታጠቡና ልብስ ከቀየሩ በኋላ ካልተሰበሰበ ከእጅ የወደቀ አቧራ የሐሰት ውጤት ይሰጣል። ናሙናው በላቦራቶሪ በኬሚካል ከመጣራቱ በፊት መጠኑ የታወቀ ፕሉቶኒየም 242 ይጨመርበታል፤ በመጨረሻ ስንት እንደተመለሰ ሲታይ በመንገድ የጠፋው ይታወቃል። ተመላሹ ሲያንስ የመለኪያው ወሰን ከፍ ይላልና ሪፖርቱ ላይ ይህን ቁጥር ሳያዩ «ባዶ» የሚለውን አይቀበሉ።

ሌላው ወጥመድ አሜሪሲየም 241 ነው። የእሱና የፕሉቶኒየም 238 አልፋ ሁለቱም 5.5 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ስለሆኑ፣ ንጥረ ነገሮቹን በሚለየው የሬዚን አምድ በደንብ ካልተለያዩ አንዱ የሌላውን ቦታ ይይዛል። 239 እና 240 ደግሞ በአልፋ ጨርሶ አይለዩም፤ አቶሞችን በክብደታቸው የሚለይ ማስ ስፔክትሮሜትር ይፈልጋሉ።

የደረት ቆጠራው በዋናነት የሚፈልገው ፕሉቶኒየምን አይደለም፤ የአሜሪሲየምን 59.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማ ነው። አሜሪሲየም የሚፈጠረው 14 ዓመት ያህል ግማሽ ዕድሜ ካለው ፕሉቶኒየም 241 ነው፤ በቅርቡ በተጣራ ዱቄት ውስጥ ኢምንት ነው። የዚያን ዱቄት የአሜሪሲየምና የፕሉቶኒየም ጥምርታ ከራሱ ናሙና ለኩ እንጂ ከመዝገብ አትገምቱ። የፕሉቶኒየም የራሱ ኤክስሬይ 17 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ስለሆነ ግማሹን ስድስት ሚሊሜትር ያህል ሥጋ ያስቀረዋል። የደረት ግድግዳ ውፍረት በአልትራሳውንድ ካልተለካ ስሌቱ ግምት ነው።

መልስ 3፦
ሁለቱም ባሉት ላይ አንድ ነገር፦ ሐኪሙ ዲቲፒኤ (ፕሉቶኒየምን ይዞ ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒት) ሰጥቷል ወይ? አንድ ግራም ካልሲየም ዲቲፒኤ በደም ሥር ከገባ ደም ውስጥ ያለውን ፕሉቶኒየም ይዞ ስለሚወጣ በሽንት የሚወጣው ፕሉቶኒየም በድንገት ይጨምራል፤ የተለመደው የአወጣጥ ሞዴል ያን ጊዜ አይሠራም። ከመርፌው በፊት አንድ ናሙና ከተገኘ ጥሩ ነው፣ ግን ለናሙና ተብሎ ሕክምናው አይዘግይ። ሳንባ ላይ ላለ ኦክሳይድ መድኃኒቱ ብዙም አይረዳም።

በሽንት ከሚወጣው ተነስቶ ሰውነት ውስጥ የገባውን ፕሉቶኒየም የሚያሰላውን የላንግሃምን ቀመር የሚጠቀም ካለም ይጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1947 ፕሉቶኒየም በደም ሥራቸው ከተወጉ ሕሙማን የወጣ ነው፤ የሚናገረው ደም ውስጥ ስለገባው እንጂ ሳንባ ላይ ስለተቀመጠው አይደለም። በ1965 በኮሎራዶው ሮኪ ፍላትስ ፋብሪካ በተነሳው እሳት የተጋለጡት ሠራተኞች ሳንባ ውስጥ የገባው በከፍተኛ ሙቀት የተፈጠረ ኦክሳይድ ከዓይነት ኤስ እንኳ ብሶ ቆይቷል፤ «ሱፐር ኤስ» የሚሉት ይህን ዓይነቱን ነው። ስለዚህ ዱቄቱ በስንት ዲግሪ እንደተቃጠለ ይጠይቁ፣ ሽንቱንም ለዓመታት እየደጋገሙ ይለኩ፤ በዚህ ዓይነት ላይ በሽንት የሚወጣው ፕሉቶኒየም ቶሎ ላይቀንስ ይችላል።