አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ የሰፈር ዳቦ ቤት በምን ይለያል?

ጠያቂ፦ ጀሞ ሁለት

ሰላም ለሁላችሁ። ከኮንዶሚኒየሙ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ዳቦ የሚሸጡ አራት ቤቶች አሉ፤ ሁለቱ ሱቅ፣ ሁለቱ ዳቦ ቤት። ጠዋት ሲታይ የሁሉም ዳቦ ያው ነው። ማታ ላይ ግን የአንዱ ይፈረፈራል፣ የሌላው እንደ ጎማ ይሳባል፣ ደህና የሚያድረው የአንዱ ብቻ ነው። ልዩነቱ ከምን ይመጣል? አንድ ሁለት ፍሬ ገዝቶ መለየትስ ይቻላል? እግረ መንገዳችሁን የጾም ዳቦና እውነተኛ ጥቁር ዳቦ በምን እንደሚታወቁ ብትነግሩን። እንደ ሸዋ ዳቦ ያሉትን ትልልቆቹን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ጥያቄው ስለ ሰፈር ዳቦ ቤት ነው።

መልስ፦ የሊጥ ሰው

መጀመሪያ የሚጋግረውን ከሚያከፋፍለው ለዩ። ሱቅ ላይ የምታገኙት ዳቦ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ተጋግሮ ሳይቀዘቅዝ ሳጥን ውስጥ ተደራርቦ የመጣ ነው። ትኩስ ዳቦ ሲታፈን ያልበዋል፣ ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ የታችኛው ረድፍ ይጨፈለቃል። «ዳቦ ቤት» የሚል ታፔላ የሰቀለ ሁሉ ደግሞ አይጋግርም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይና ከሰዓት 10 ሰዓት አካባቢ ጎራ በሉ። የሚጋግር ቤት ከጓዳ በፓትራ (በመጋገሪያ ትሪ) ትኩስ ሲያወጣ ታገኙታላችሁ። በሁለቱም ሰዓት ቀዝቃዛ ዳቦ ብቻ ካለ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ነው።

ማታ የሚፈረፈረው ደግሞ በአብዛኛው ሊጡ የተጣደፈ ነው። ለአንድ ኩንታል ዱቄት ባለ 500 ግራሙ ደረቅ እርሾ አንድ ፓኬት ገብቶ ሊጡ ሦስት አራት ሰዓት ቢያርፍ ጥሩ ዳቦ ይወጣዋል። ሦስት ፓኬት ከገባበት በአንድ ሰዓት ኩፍ ይላል፤ ጋጋሪው ጊዜ ያተርፋል፣ ዳቦው ጣዕምም ዕድሜም ያጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ሊጥ ውስጥ ያለው ጋዝ በቀላሉ ይነፋል። ስለዚህ በቆላ ወይም በባሕር ጠረፍ አገር የተለካ የእርሾ መጠን እዚህ ይበዛል። ይህን የማያስተካክል ጋጋሪ ትልልቅና ባዶ ዳቦ ነው የሚያወጣው።

ለመፈተን ሁለት ፍሬ ግዙና አንድ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ። አንዱን በቢላ ሰንጥቁት። ከላይኛው ቅርፊት ሥር ዋሻ የሚያህል ባዶ ቦታ ካለ ሊጡ ከልኩ በላይ ኩፍ ብሏል፣ ወይም ሲድቦለቦል አየሩ በደንብ አልወጣለትም። ልቡን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። አሽትቱት፦ የስንዴ መዓዛ ካለው ጥሩ ነው፣ የእርሾ ወይም የጠላ ዓይነት ሽታ ከቀደመ ግን እርሾው በዝቷል። ሁለተኛውን ፍሬ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። በማግስቱ ሳይፈርስ ከተቆረጠላችሁ ደንበኝነታችሁን ለዚያ ቤት ስጡ። ከሁሉም ምልክት እኔ የማምነው ያደረውን ዳቦ ነው፤ ትኩስ ሆኖ የማይጣፍጥ ዳቦ ስለሌለ።

መልስ፦ ሚዛን

የሊጥ ሰው ባሉት ላይ ግራሙን ጨምሩበት። እርሾ የበዛበት 80 ግራም ዳቦ በደንብ ከተሠራው 100 ግራም ገዝፎ ሊታይ ይችላል፤ ዓይን አይመዝንም። በወጥ ቤት ሚዛን አሥር ፍሬ አንድ ላይ መዝናችሁ ለአሥር አካፍሉ፤ በአንድ ፍሬ መፍረድ ትክክል አይደለም፣ በእጅ ሲቆረጥ ትንሽ መበላለጡ አይቀርም።

ሊጥ ምድጃ ውስጥ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያጣል። 100 ግራም ዳቦ እንዲወጣ 115 ግራም ገደማ ሊጥ መቆረጥ አለበት። 100 ኪሎ ዱቄት፣ 60 ሊትር ውሃና 2 ኪሎ ጨው 162 ኪሎ ሊጥ ይሆናል፤ ከዚህ 1,400 ፍሬ ገደማ ይወጣል። ከእያንዳንዱ 10 ግራም ሊጥ ከተቀነሰ ከዚያው ማቡኪያ ከ130 ፍሬ በላይ ይተርፋል። ገዢው ግን ልዩነቱን በእጁ አይለየውም። ግራሙንና ዋጋውን ጽፎ የሚለጥፍ፣ «ልመዝነው?» ሲባል ፊቱን የማያጠቁር ቤት ይመረጣል።

ከሸገር ዳቦ ጋር ስታነጻጽሩም የ100 ግራሙን ዋጋ እንጂ የፍሬውን አትዩ። በ2012 ዓ.ም. የተመረቀውና በቀን እስከ 2 ሚሊዮን ዳቦ እንዲያመርት ታስቦ የተሠራው ፋብሪካ ከአንድ የሰፈር ምድጃ ጋር በፍሬ ዋጋ አይወዳደርም።

ጠያቂ፦ ጀሞ ሁለት

እግዜር ይስጥልን። እንደ ጎማ የሚሳበውስ? ላዩ በደንብ ቀልቷል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። ዱቄቱ ነው ወይስ አጋገሩ?

መልስ፦ ምድጃ

አንድ ቤት ብቻ ከሆነ አጋገሩ ነው። የሰፈሩ ዳቦ ቤቶች ሁሉ በአንድ ሰሞን እንደዚያ ካደረጋቸው ዱቄቱን ጠርጥሩ፤ መከር ላይ ዝናብ የመታው ስንዴ በነዶው ላይ እንዳለ ማቆጥቆጥ ይጀምራል፣ የዚህ ስንዴ ዱቄት ደግሞ የቱንም ያህል ቢጋገር ልቡ ይጣበቃል።

100 ግራሙ ክብ ዳቦ ከ200 እስከ 220 ዲግሪ ባለው ምድጃ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይፈልጋል። ምድጃው 250 ከደረሰ በአሥር ደቂቃ ላዩ ይቀላል፣ ልቡ ጥሬ ይቀራል። የዳቦውን ቂጥ በጣት ቆርቆር አድርጉት፦ የበሰለው እንደ ከበሮ ይሰማል፣ ያልበሰለው ድምፁ የታፈነ ነው። ቤት ውስጥ በቴርሞሜትር ለምትጋግሩ፣ ከውጭ የመጡ አሠራሮች «ልቡ 96 ዲግሪ ሲደርስ» ይላሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ የዳቦው ልብ 96ን አያይም። እሱን ስትጠብቁ ታደርቁታላችሁ። 90 ወይም 91 ሲሆን አውጡት።

ሌላው ምክንያት መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ፓትራ ላይ ያለው ሊጥ ሳይጋገር ይቆያል፣ ከልኩ ያልፋል፣ ይተኛል፣ ይኮመጥጣል። መብራቱ ሲመለስ ምድጃው በደንብ ሳይግል ከገባ ደግሞ ቅርፊቱ ወፍራምና ነጣ ያለ ይሆናል። ስለዚህ ጄኔሬተር ወይም የእንጨት ምድጃ እንዳላቸው ጠይቁ፤ ከሌላቸው መብራት በጠፋበት ቀን ሌላ ቦታ ግዙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ያደረ ዳቦ ሲቆረስ እንደ ሸረሪት ድር ክር ካወጣና እንደበሰበሰ ፍራፍሬ ጣፋጭ ሽታ ካለው ጣሉት። ዱቄት ውስጥ ያለ፣ በመጋገር የማይሞት ባክቴሪያ ያመጣው ነው፤ ሙቀት ባለበት ወር ይብሳል። ቀሪውን አድርቆ መብላት መፍትሔ አይሆንም።

መልስ፦ የጾም ገበታ

ተራው ክብ ዳቦ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ጨው፣ ምናልባት ትንሽ ስኳርና ዘይት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ለጾም ይሆናል። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከስላይስ፣ ከበርገር ዳቦና ከጣፋጮቹ ነው፤ ወተት፣ የወተት ዱቄት ወይም ቅቤ ሊገባባቸው ይችላል። ላዩ የሚያብረቀርቅ ከሆነ እንቁላል ተቀብቶ ይሆናል። ዘይትና የስኳር ውሃም ስለሚያብረቀርቁ በዓይን ብቻ አትፍረዱ። «የጾም ነው?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም፣ ሻጩ አዎ ብሎ ያልፋል። «ላዩ ላይ ምን ቀባችሁት? በውሃ ነው በወተት የተቦካው?» በሉ።

ስለ ጥቁሩ፦ ከዳር እስከ ዳር እኩል ቡና የመሰለና ጣፈጥ የሚል ከሆነ ቀለሙ የተቃጠለ ስኳር ሊሆን ይችላል። ፉርሽካው ላዩ ላይ ብቻ የተነሰነሰም አለ። እውነተኛው ሲቆረጥ በልቡ ሁሉ የፉርሽካ ነጠብጣብ ይታያል፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነው፣ በመጠን እኩል ከሆነው ነጭ ዳቦ ይከብዳል፤ ፉርሽካው ውሃ ስለሚጠጣ ለ100 ኪሎ ዱቄት 70 ሊትር ገደማ ይገባዋል። ከበላችሁት በኋላ ምሬት አፋችሁ ላይ ከቀረ ዱቄቱ ቆይቷል፤ ያልተነፋ ዱቄት የራሱ ዘይት ስላለው እንደ ፉርኖ ብዙ አይቆይም።

መልስ፦ ኮባ

ያልተጠየቀ ግን የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ጥሩ የሰፈር ዳቦ ቤት የቤት ሊጥም ይጋግራል፤ ለድፎ ዳቦ ምጣድ ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከቀኑ በፊት ሄዳችሁ ሰዓት ተስማሙ፤ የበዓል ዋዜማ ወረፋው ከባድ ነው። ለ2 ኪሎ ዱቄት 1.2 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 40 ግራም ጨው፣ 10 ግራም እርሾና አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ ይበቃል። ኮባውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ እሳት ላይ ለብለብ አድርጉት፣ አለበለዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ሊጡን ሙሉ ለሙሉ ኩፍ ብሎ አትውሰዱት፤ መንገድ ላይና ወረፋ ስትጠብቁ መነሣቱን ይቀጥላል፣ ምድጃ ሲገባ ይተኛል። ሁለት እጅ ተነሥቶ አንድ እጅ ሲቀረው ውጡ። ጋጋሪው ለትናንሽ ዳቦ ባጋለው ምድጃ እንዳያስገባው ንገሩት፤ ድፎ 180 ዲግሪ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል።

ስለ ማሳደር ደግሞ፦ ትኩስ ዳቦ በፌስታል አትቋጥሩ፤ ያልበውና ይሻግታል። ፍሪጅም አይሆንም፣ ከውጭ ካለው ይልቅ ቶሎ ያደርቀዋል። ለነገ የሚሆነውን በጨርቅ ጠቅልሉ፤ ከዚያ በላይ ለሚቆየው ፍሪዘሩን ተጠቀሙ፣ ስትፈልጉ ውሃ ረጨት አድርጋችሁ በተከደነ መጥበሻ አሙቁት። የደረቀው ለዳቦ ፍርፍር ይሆናል።