«ሰዓቱን እንጂ ማልያውን አያይም»

መድፈኛው ከመሃል ሜዳ፦ ትናንት ደብረ ብርሃን ዲኤስቲቪ ቤት አንድ የዩናይትድ ደጋፊ «ዳኛ ሰዓቱን እንጂ ማልያውን አያይም» አለና (ጭማሪ ደቂቃ ላይ ለትልቅ ክለብ አያደላም ማለቱ ነው) ቤቱ በሙሉ አጨበጨበለት። እኔ ከብርዱ ይልቅ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እስቲ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የማንቸስተር ደርቢ ምን ሆነ? የሲቲው ቤላሚ 90ኛው ደቂቃ ላይ 3 ለ 3 አደረገ። አራተኛው ዳኛ 4 ደቂቃ ጭማሪ አሳየ። የዩናይትዱ ኦውን 96ኛው ላይ አገባ! ያ ሰዓት የማን ነበር? የአሰልጣኛቸው የፈርጉሰን?

ቀይ ሰይጣን፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ቦርዱ ላይ የሚወጣው ትንሹ ነው እንጂ ጣሪያው አይደለም። በጭማሪው ውስጥ ሰዓት ከባከነ ዳኛው ይጨምራል። ሲቲዎች ጎሉን ሲጨፍሩ የሄደው ጊዜ አይቆጠር? ቅያሪውስ?

የሮቢት ፀሐይ፦ ማልያውን ካላየማ ቢጫውን ለማን እንደሰጠ በምን ያውቃል? በጠረን ነው?

ቀይ ሰይጣን፦ እህቴ፣ ነገር አታጣሚ። አባባል ነው።

የሮቢት ፀሐይ፦ አባባልህን ነው የጠየቅኩህ እኮ።

ጋሽ ስፖርት፦ ልጆች፣ ረጋ በሉ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የስፔን ሊግ ጥናት አለ። ባለሜዳው በአንድ ጎል ሲመራ ዳኛው ቶሎ ያፏጫል፣ በአንድ ጎል ሲመራበት ደግሞ ያረዝማል። ልዩነቱ ወደ 2 ደቂቃ ይጠጋል። ጥናቱ የሚያወራው ግን ስለ ባለሜዳ እንጂ ስለ ትልቅ ክለብ አይደለም። የሚያስጨንቀው የተመልካቹ ጩኸት ነው።

ቀይ ሰይጣን፦ ጋሼ ይኑሩልኝ! ሰማችሁ? ትልቅ ክለብ አላለም።

መድፈኛው ከመሃል ሜዳ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን እኮ ነው የምለው። 74 ሺህ ሰው ቆሞ የሚጮህበት ሜዳ ያለው ማነው? ትንሹ ክለብ? ጩኸቱን ማልያ ነው ያመጣው።

ቀይ ሰይጣን፦ ዳኛ ለእኛ የሚያደላ ቢሆን በ2012 (እ.ኤ.አ.) ዋንጫችንን የሲቲው አጉዌሮ ጭማሪ ሰዓት ላይ ይነጥቀን ነበር?

የሮቢት ፀሐይ፦ ሲቲም ያኔ ባለ ነዳጅ ነው። ከትልቅ ወደ ትልቅ ነው የሄደው። ደግሞ በሜዳው ነበር።

ቀይ ሰይጣን፦ የተጋጣሚያቸው የኪውፒአር ባርተን ቀይ አይቶ ሲበጠብጥ የጠፋውን ሰዓት የት እናድርገው? እሺ፣ መድፈኛው፣ አንድ ጥያቄ። መስከረም 2023 (እ.ኤ.አ.)፣ ኤሚሬትስ። የእናንተው ራይስ 96ኛው፣ ጄሱስ 101ኛው ላይ አገቡ። እኛን አልነበር ያሸነፋችሁት? ያኔ ሰዓቱ የአሰልጣኛችሁ የአርቴታ ነበር?

መድፈኛው ከመሃል ሜዳ፦ ያ ሌላ ነው። ከኳታር የዓለም ዋንጫ ወዲህ ለሁሉም ነው የረዘመው። እንግሊዝና ኢራን ሲጫወቱ በሁለቱ አጋማሽ 27 ደቂቃ ገደማ አልተጨመረም?

ቀይ ሰይጣን፦ «ያ ሌላ ነው» 😂 ለእናንተ ሲሆን ሌላ ነው።

የጣርማ በር ጉም፦ የሊቨርፑላችን ኑኜዝ ፎረስት ላይ በ99ኛው ያገባውን ማንም አላነሳም። እንዳታነሱት።

የሮቢት ፀሐይ፦ እኛ እዚህ 90 ሲሞላ መብራት ይሄዳል። ጭማሪውን አይተን አናውቅም፣ ለማን እንዳደላ በምን እናውቃለን። ሙቀቱ ሳያንሰን።

መድፈኛው ከመሃል ሜዳ፦ ሙቀት ትላለች! እኛ መንዝ፣ መሃል ሜዳ፣ ቴሌቪዥን የምናየው ብርድ ልብስ ተከናንበን ነው።

የጣርማ በር ጉም፦ የመንዝ ሰው ስለ ብርድ ሲያወራ ጣርማ በርን አይቶ አያውቅም ማለት ነው።

መድፈኛው ከመሃል ሜዳ፦ ወደ ቁምነገሩ። ጋሼ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የዚያን ዓመት የሰፈር ዋንጫ ላይ የመሃል ዳኛ እርስዎ ነበሩ። እኛ 1 ለ 0 እየመራን ፀሐይ እስክትጠልቅ አጫወቱን። ከዚያ ገባብን።

ጋሽ ስፖርት፦ ሰዓቴ ቆሞ ነበር።

ቀይ ሰይጣን፦ አያችሁ? ሰዓቱን ነው ያዩት!

የሮቢት ፀሐይ፦ የቆመ ሰዓት!

መድፈኛው ከመሃል ሜዳ፦ ጋሼ፣ ያገባብን ልጅ የማን ነበር?

ጋሽ ስፖርት፦ የእህቴ ልጅ ነው። ሆኖም ጎሉ ንጹሕ ነበር። ደግሞ የናንተ በረኛ ኳሷን አቅፎ ስንት ደቂቃ ተኝቶባት ነበር? እሱን ለምን አትቆጥሩም?

መድፈኛው ከመሃል ሜዳ፦ ተጎድቶ ነው!

ቀይ ሰይጣን፦ ሰዓት እየበላ ነው በለው።