ዳዊት ዘፈነ ወይስ ዘመረ?

የቀጨኔ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ጥያቄዬ ከወጥ ቤት የመጣ ነው። ትናንት ማታ ዕቃ እያጠብኩ መዝሙር ሳንጎራጉር ታናሽ ወንድሜ ገባና «ዛሬ ደግሞ ምን ትዘፍኛለሽ?» አለኝ። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀምጣ «እየዘመረች ነው! ዘፈን አትበል» ብላ ተቆጣችው። እሱ እልኸኛ ነው። መጽሐፍ ቅዱሷን ከራስጌዋ አምጥቶ 2ኛ ሳሙኤል 6፥14ን አነበበላት። «ዳዊትም በሙሉ ኃይሉ በእግዚአብሔር ፊት ይዘፍን ነበር።» እማዬ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እስቲ ገላትያ 5ን አንብበው» አለችው። እዚያ ደግሞ ዘፋኝነት ከስካር ጎን ተሰልፎ የሥጋ ሥራ ተብሏል። ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። መልስ አልነበረኝም።

አንድ ቃል በአንድ መጽሐፍ ውስጥ እንዴት ምስጋናም ኃጢአትም ይሆናል? ደግሞስ እኔ ዕቃ እያጠብኩ የማደርገው ምን ይባላል? መዝሙር እንዳልለው ግጥሙን ግማሹን አላውቀውም። ከአፌ የማይጠፋው ዜማው ብቻ ነው።

የአቋቋም ተማሪ፦
እህቴ፣ እናትሽም ወንድምሽም ልክ ናቸው። ነገሩ ያለው ግዕዙ ላይ ነው። በግዕዝ ዘፈነ ማለት ዛሬ ጨፈረ የምንለው ነው። የእግርና የትከሻ ሥራ ነው፤ የአፍ አይደለም። የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ቃሉን በዚህ በአሮጌው ፍቺ ነው የያዘው። ማቴዎስ 14፥6ን እዪ። የሄሮድያዳ ልጅ «ዘፈነች» ይላል። ሄሮድስን ደስ ያሰኘው ጭፈራዋ ነው። መዝሙር 150 ላይ «በከበሮና በዘፈን አመስግኑት» የሚለውም ያው ነው። ከበሮ ሲመታ ሰውነት ዝም አይልማ። በኋላ ቃሉ ከእግር ወደ አፍ ወጣና የዓለሙ ዜማ መጠሪያ ሆነ። እናትሽን የሚጎረብጣት ይኼኛው ነው። ገላትያ ላይ ያለው ዘፋኝነት ደግሞ የጠጪ ፈንጠዝያ ነው።

እኛ ሰውነቱን አልተውነውም፤ ስሙን ነው የቀየርነው። ሽብሸባ አልነው። ማኅሌት ቆመሽ ታውቂ ከሆነ፣ መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ከበሮም ጸናጽልም የለም። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል። መቋሚያው ከዜማው ጋር ወዲያና ወዲህ ይላል። መረግድ ላይ ከበሮው ይገባል። ጽፋት ላይ ጭብጨባው ይፈጥናል፣ እልልታው ይቀልጣል። እኔ የማውቃቸው አንድ መሪጌታ አሉ። ሰባ አልፏቸዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ደረጃ የሚወጡት የሰው ትከሻ ይዘው ነው። ወረቡ፣ በከበሮና በሽብሸባ የሚዜመው፣ ሲጀመር ግን መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው ከወጣቶቹ እኩል ያሸበሽባሉ። ሲያልቅ ደግሞ ትከሻዬን ይፈልጋሉ። «በሙሉ ኃይሉ» የምትለዋ ቃል እሳቸውን ሳይ ነው የገባችኝ።

ከሐዋሳ፦
እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ። እኛ ጋ የጠበበ ሌላ ቃል አለ፤ አምልኮ። «አምልኮው ሳያልቅ ድረሱ» ስንል መዝሙሩን ማለታችን ነው። ሰባኪው ሲወጣ «አምልኮው አለቀ» እንላለን። አምልኮ መሪ የምንለውም መዝሙር የሚመራውን ሰው ነው። ቃሉ ግን ከአምላክ ጋር አንድ ሥር አለው። ጸሎቱም፣ ስብከቱን መስማቱም፣ የታመመ መጠየቁም በውስጡ ነው። ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ኳየር ውስጥ ብዙ ዓመት ዘምሬያለሁ። አንድ ጊዜ ድምፄ ለወራት ተዘጋ። እሁድ እሁድ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ «ከአምልኮ ወጣሁ» እያልኩ አለቅስ ነበር። ያሳሳተኝ ቃሉ ነው።

ከእስራኤል፦
መዝሙር እዚህ በዕብራይስጥ «ሚዝሞር» ነው የሚባለው። ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛው መጥታ «አማርኛ አስተማሩን» አለችኝ። ዘመረ የሚለው ሥር የሁለቱም ነው። ያን ቀን ቤታችን ውስጥ ደስታ ነበር።

በገና ተማሪ፦
እስካሁን ማንም ያልነካው ቃል አለ፤ ቅኔ። ኤፌሶን 5፥19 «በመዝሙርና በዝማሬ በመንፈሳዊም ቅኔ» ይላል። ቅኔ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ሰምና ወርቅን ነው። ሥሩ ግን ቀነየ ነው፤ መግዛት፣ ማስገዛት። መዝሙር 2፥11 በግዕዙ «ተቀነዩ ለእግዚአብሔር በፍርሃት» ይላል። አማርኛው «ተገዙ» ብሎታል። ቅኝ ግዛት ውስጥ ያለችው ቅኝም ከዚሁ ናት። በገናና ክራር የምንቃኝበት ቅኝትም እንዲሁ።

ይህን ከመጽሐፍ በፊት ጣቴ ነው የነገረኝ። በገና አሥር አውታር አለው፣ ከበግ አንጀት የተሠራ። መምህሬ መጀመሪያ ላይ ለሳምንታት አንድም መዝሙር አላስደረደሩኝም። ቃኝ ብቻ ይሉኛል። አውታሯን ሳከርራት ታልፋለች፣ ሳላላት ትወርዳለች። እንዚራዋን፣ ያችን አውታሩ ሥር የምትገባ ቁራጭ ቆዳ፣ በፀጉር ያህል ሳንቀሳቅሳት ድምፁ ይጠፋል። አንድ ቀን ተናድጄ በገናውን ግድግዳ አስደገፍኩት። እሳቸው ምንም አልተቆጡም። «አልተገዛችልህም። አንተም ገና አልተገዛህላትም» አሉኝ። ከዚያ ራሳቸው አንስተው ዓይናቸውን ጨፍነው ቃኙት። ሲጨርሱ አልደረደሩትም። መልሰው ሰጡኝ።

ፊደል ቆጣሪ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ማሕሌትን ከኅሊና ጋር አያይዘው «በሐሳብ መዘመር ማለት ነው» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን በግዕዝ ሥሮቹ ሁለት ናቸው። «ዘመረ» ማለት የሆነው በሐመሩ ሐ የሚጻፈው ሐለየ ነው። «አሰበ» ማለት የሆነው በብዙኃኑ ኀ የሚጻፈው ኀለየ ነው። አማርኛ ድምፃቸውን ስላቀላቀለብን ነው። እኔ በበኩሌ ማሕሌትን በሐመሩ ሐ ነው የምጽፈው።

የቀጨኔ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁሉንም ለእማዬ አነበብኩላት። የመሪጌታውን ጉልበት ስትሰማ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ወንድሜ «ስለዚህ ጨፍረሽ ታውቂያለሽ» አላት፣ «አሸብሽቤ» አለችው። ሁለተኛውን ጥያቄዬን የመለሰችው እሷ ናት። «ማንጎራጎር ነው። አያትሽ ወፍጮ ላይ እንደሱ ነበረች። ‹አቤቱ› ትልና የቀረውን በእምምም ትሞላዋለች። እህሉ እስኪያልቅ ያችኑ ነው።» ለዚህ ለወፍጮው የተለየ ስም ያለው አገር አለ? የጎንደር፣ የወሎ፣ የመንዝ ልጆች፣ እናቶቻችሁን ጠይቁልኝ።