ወመዘክር መቼ ተጀመረ? ስሙስ ከየት መጣ?

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አባዬ 73 ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ልጄ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አጥንታ ስትመጣ «እኛ እኮ ወመዘክር ነበር የምናነበው» ብሎ ጀመረና ማታውን ሙሉ ሲያወራልን አመሸ። ቤታቸው ስምንት ልጅ በአንድ ክፍል ነበር፣ ደብተር የሚዘረጋበት ቦታ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ሲወጣ በእግሩ ወደዚያ ወርዶ እስኪዘጋ ቁጭ ይላል። እኔ በበሩ ስንቴ እንዳለፍኩ አልቆጥረውም፣ ግን አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም። ልጄ «ወመዘክር ምን ማለት ነው?» ስትለኝ ዝም አልኩ። ደንግጫለሁ እውነቴን ነው። መቼ ተቋቋመ? መጽሐፍ ተውሶ ቤት መውሰድስ ይቻላል? የምታውቁ ንገሩኝ፣ አባዬን ይዤው ልሄድ አስቤያለሁ።

ቆየት ያለ አንባቢ፦

እህቴ ስሙን ከኔ ውሰጂ። ሙሉ ስሙ «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ነበር። ግዕዝ ነው። «ወ» ማለት «እና» ነው፣ መዘክር ደግሞ መታሰቢያ፣ ዛሬ ሙዚየም የምንለው ዓይነት። ሕዝቡ ረጅሙን ስም ሲያሳጥር «ቤተ መጻሕፍት» የሚለውን ጣለና «እና መዘክር» የሚለውን ያዘ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው የሚጠራው። መሥሪያ ቤቱ ስንት ጊዜ ስም ቢቀይር፣ ቤተ መዛግብት ቢባል ኤጀንሲ ቢባል፣ ታክሲ ውስጥ በአዲሱ ስም የሚጠራው ሰው አላጋጠመኝም።

የተቋቋመው በ1936 ዓ.ም. ነው፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን። ጣሊያን ከወጣ ገና ሦስት ዓመት ገደማ። ይህን ቀለል አድርገሽ እንዳታዪው። ከዚያ በፊት መጽሐፍ የሚቀመጠው በገዳም፣ በደብር ዕቃ ቤትና በቤተ መንግሥት ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ከየአድባራቱ አሰባስበው መቅደላ ላይ ያስቀመጡትን የብራና መጽሐፍ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ጭኖት ሄደ፣ ብዙው ዛሬም ለንደን ነው። እንግዲህ የድሃ ልጅ ሰተት ብሎ ገብቶ «ያንን መጽሐፍ ስጡኝ» የሚልበት የመንግሥት ቤት ሲከፈት ምን ማለት እንደነበር አስቢው። አባትሽ ያን ማታ ያወሩልሽ ይሄንኑ ነው።

የማተሚያ ቤት ሰው፦

ስለ መዋስ ላንሳ። ቤት መውሰድ አይቻልም፣ እዚያው ቁጭ ብለሽ ነው የምታነቢው። ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል፣ ምክንያቱ ግን ጥሩ ነው። ደርግ በመጣ ማግስት አዋጅ ቁጥር 50 የሚባል ወጣ፣ አገር ውስጥ ከሚታተመው ሁሉ ሦስት ሦስት ቅጂ ወደዚያ እንዲገባ የሚያዝ። እኔ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። መጽሐፉ ተጠርዞ፣ ተቆርጦ፣ ሙጫው ገና ሳይደርቅ ሦስቱን ለይተን በሲባጎ አስረን እናስቀምጥ ነበር። ደራሲው ራሱ የመጀመሪያውን ቅጂ ሳይነካ የወመዘክር ድርሻ ተለይቷል! የግጥም መድበል ይሁን የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያነበው ቢመስልም ይገባል። ታዲያ ያ ቅጂ አንድ ሰው ቤት ገብቶ ቢቀር ከየት ይተካል? አንዳንዱ መጽሐፍ በአገር ደረጃ የቀረው ያ ብቻ ነው።

ደግሞ ቤትሽ ካለው አዲስ መጽሐፍ አንዱን ገልብጪና ጀርባውን እዪ። ከባርኮዱ በላይ ያለው የመጽሐፉ መለያ ቁጥር (ISBN) 978 ብሎ ይጀምርና ብዙ ጊዜ 99944 ይከተላል። 99944 የኢትዮጵያ ቁጥር ነው፣ የሚሰጠውም ይኸው ቤት ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1997 እዚያ ከሚገኙት መጻሕፍትና መዛግብት 12ቱን የዓለም የጽሑፍ ቅርስ አድርጎ መዝግቧል፣ የነገሥታት ደብዳቤም አለበት።

አራት ኪሎ 07፦

ሁላችሁም ያላችሁት ልክ ነው፣ ግን ለልጆች አብርሆትን አትናቁብኝ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ነው የተመረቀው፣ ከ2000 ሰው በላይ ባንዴ ይይዛል። ጠዋት በሩ ላይ የሚሰለፈውን ተማሪ ስታዩ ደስ ይላል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ሰፈራችን አንድ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነበረች። ለፈተና የባዮሎጂ መጽሐፍ ጠይቄ ተሰጠኝ፣ ስገልጠው ስለ ደም ዝውውር የሚያወራው ምዕራፍ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል። ከእኔ በፊት የተቀመጠው ልጅ ነው የወሰደው። ዳሩ ላይ የቀረውን የወረቀት ጥርስ በጣቴ ዳስሼው አለቀስኩ። የማተሚያ ቤቱ ሰው ስለ አንድ ቅጂ ያሉት የገባኝ ለዚህ ነው።

የጎደለን አንድ ነገር አለ። የጥናት ወንበር እየበዛ ነው፣ ተውሰሽ ቤት ወስደሽ ለእናትሽ የምታነቢላት መጽሐፍ ግን በየሰፈሩ የለም። ድሮ ክፍተቱን የሚሞሉት መጽሐፍ አከራዮች ነበሩ፣ በሳንቲም ለአንድ ቀን እየሰጡ። አሁን እነሱም ጠፍተዋል። ወረዳዎች ይህን ሥራ ቢይዙት ምን አለበት?

ቆየት ያለ አንባቢ፦

አራት ኪሎ፣ በዚህ እስማማለሁ። የአገር መጽሐፍ የሚጠብቀው ቤት መጽሐፍ የሚያውስም ይሁን ማለት ከባድ ነው። እህቴ፣ አባትሽን ስትወስጂ መታወቂያ እንዳትረሱ። እሳቸው ምን ማየት ነው የሚፈልጉት? ጋዜጣ ከሆነ ወሩንና ቀኑን ጽፈሽ ያዢ፣ አለበለዚያ ጥራዙን ስታገላብጡ ነው የምትውሉት።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ለልጄ አነበብኩላት፣ አሁን ቤት ያለውን መጽሐፍ ሁሉ እየገለበጠች 99944 ትፈልጋለች።

አባዬን ጠየቅኩት። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ነው ያለኝ። ቀኑንስ ስለው ሳያስብ «የካቲት 11 ቀን 66» አለ። መምህራንና ታክሲዎች አድማ የመቱበት ቀን። ጋዜጣው በዚያ ሳምንት ምን ብሎ እንደጻፈ ማየት ይፈልጋል። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ደብተሩን ይዞ ከወመዘክር ሲወጣ መንገዱ ላይ አንድ ሰማያዊና ነጭ መኪና አልነበረም አለኝ። የራሱን እርምጃ እየሰማ ነው ሽቅብ እስከ ሰፈር የሄደው።