የተላጠ ድንችና የአድሬናል እጢ ምን አገናኛቸው?

ድንች በሎሚ
ሰላም ለሁላችሁ። ቺፕስ ጠብሼ እሸጣለሁ። ማታ ማታ ሁለት ባልዲ ድንች እልጣለሁ። ውሃ ውስጥ ካልነከርኩት ጫፍ ጫፉ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቆይቶ ይጠቁራል። ሎሚ ጠብ ሳደርግበት ግን ነጭ እንደሆነ ይቆያል። ትናንት ፋርማሲ ለሚማረው የእህቴ ልጅ ይህን ብነግረው፣ «ቫይታሚን ሲ የተገኘው እኮ ከዚሁ ነገር ተነስቶ ነው፤ ከከብት አድሬናል እጢም፣ ከኩላሊቱ በላይ ካለችው፣ ወጥቷል» ብሎኝ ፈተና አለብኝ ብሎ ሄደ። ሳይጨርስልኝ! የሚያውቅ ያስረዳኝ እስቲ።

ነጭ ጋዋን
ልጁ አልዋሸሽም እህቴ። ሰውየው አልበርት ሴንት-ጆርጂ የሚባል ሀንጋሪያዊ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) በ1920ዎቹ ሆላንድ፣ ግሮኒንገን ሆኖ ያንቺኑ ጥያቄ ያጠና ነበር። ድንችና ፖም ሲቆረጡ ውስጣቸው ያለ ኢንዛይም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተጋግዞ ያጠቁራቸዋል። ሎሚና ብርቱካን ግን አይጠቁሩም። እነሱ ውስጥ ፐርኦክሲዴዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም አለ። ይህ ኢንዛይም ፐርኦክሳይድ ባለበት ቤንዚዲን የሚባል ኬሚካል ሲያገኝ ወዲያው ሰማያዊ ቀለም ያወጣል። የፍሬው ጭማቂ ሲገባበት ግን ቀለሙ ትንሽ ዘገየ። በቃ፣ ነገሩ ሁሉ ያቺ መዘግየት ናት፦ ጭማቂው ውስጥ ኦክሲዴሽኑን፣ ማለትም ቀለሙን የሚያወጣውን ለውጥ፣ እየቀለበሰ የሚያቆይ ነገር አለ።

እጢው የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። አድሬናል እጢያቸው የተጎዳ የአዲሰን ሕመምተኞች ቆዳቸው ይጠቁራል። ድንቹም ሰዉም በአንድ ምክንያት የሚጠቁሩ መሰለው። ኬምብሪጅ ሄዶ ያንኑ ነገር ከከብት እጢ፣ ከብርቱካንና ከጎመን አወጣ፤ በ1928 አሳተመው። ስኳር ቢጤ መሆኑን እንጂ ምንነቱን ስላላወቀ «ጎድኖዝ» ሊለው አሰበ፣ በእንግሊዝኛ እግዜር ይወቀው እንደማለት። የመጽሔቱ አርታኢ እምቢ አለ። ሄክዙሮኒክ አሲድ ተባለ፤ ዛሬ ቫይታሚን ሲ የምንለው እሱን ነው።

የማታ ተረኛ
ነርስ ነኝ፣ አንዲት ነገር ላርም። በአዲሰን ቆዳ የሚጠቁረው ቫይታሚን ሲ ጎድሎ አይደለም። አድሬናል እጢው ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ማምረት ሲያቅተው ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ እጢ ኤሲቲኤች የሚባል ሆርሞን ያበዛል፤ እሱ የቆዳ ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሶች ይቀሰቅሳል። እኛ ጠይሞቹ ላይ ድድ በተፈጥሮውም ሊጠቁር ስለሚችል እሱን ብቻ ማየት ያሳስታል፤ እኔ መዳፍ አስዘርግቼ መስመሮቹን ነው የማየው።

ነጭ ጋዋን
ልክ ነሽ፣ ግምቱ ስቶ ነበር። ግን እጢው በቫይታሚን ሲ የታጨቀ መሆኑ እውነት ነው፤ ኖርአድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ለመሥራት ይፈልገዋል። ሰውየው ኋላ ሀገሩ ገብቶ፣ ሴገድ ከተማ፣ በኪሎ በኪሎ ያገኘው ከምን መሰላችሁ? ከቀይ ቃሪያ! በ1937 ኖቤል ተሸለመ።

ድንች በሎሚ
ቃሪያ?! ሎሚ እንዲህ በተወደደበት ሰዓት! ነገ አንዱን ባልዲ በቃሪያ ጭማቂ እሞክራለሁ። ደንበኞቼ አቃጠለን ካሉ ጣጣው የናንተ ነው።